ቱምቢው እስኪቆም

«ተረግሞ ነው የወደቀው» አለች ቡዜ፣ ከንፍሮው አንድ እፍኝ እየዘገነች።

ይህን ስትል የመጀመሪያዋ አልነበረም። ከቀብር መልስ እጅ ሲታጠብ ብላዋለች። በማግስቱ ከሰበታ ለመጡት ዘመዶች ደግማዋለች። ዛሬ፣ በሰልስቱ፣ ዳሱ ውስጥ ገና በቅጡ ሳትቀመጥ ጀመረችው። ቡዜ ወሬዋን የምትይዘው እንደ ድሃ ወጥ ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ውሃ ትጨምርበታለች። ሟቹን ከተማን የረገመው መጀመሪያ «አንድ ሰው» ነበር፤ አደረና «አንዲት ሴት» ሆነ።

«ጠዋት ነው የተረገመው፤ ጠዋት! በባዶ ሆድ የወጣ እርግማን እኮ መመለሻ የለውም። ያችን ሴት ባወቅኳት!»

«ኧረ ቀስ በይ ቡዜ» አለች የሟቹ እህት ሸዋዬ። «የጣሊያኑ ፖሊስ፣ ካራቢኜሪው፣ በዚህ በኩል ያልፋል። ሰው ተሰብስቦ ሲያዩ አይወዱም።»

«እኔ ምን አልኩ? የሰማሁትን ነው።»

«ከማን ሰማሽ?»

«ሰው ሲያወራ ነዋ።»

ያ ሰው ራሷ ቡዜ መሆኗን ዳሱ ሙሉ ለቀስተኛ ያውቃል። ቢሆንም ንፍሮውን እያላመጠ ጆሮውን ሰጣት።

ተናኘወርቅ ከጥግ ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማለች። የሟቹ የከተማ ብቸኛ ልጅ ናት፤ ጥቁር ለብሳለች፤ ዓይኗ ግን እንደ ደረቀ ምንጭ ነው። አባቷ ከተቀበረ ጀምሮ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም። ሸዋዬ በየመሐሉ ጎንበስ እያለች «አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ሰው ምን ይላል?» ትላታለች። ሰው የሚለውንማ ብሎ ጨርሷል። «አንጀቷ ድንጋይ ነው» ሲሉ በጆሮዋ ሰምታለች። አልተቀየመቻቸውም። ለማልቀስ መብት እንደሌላት ከእነሱ በፊት ወስናለች።

ቡዜ የምትፈልጋትን ሴት ታውቃታለች። ራሷ ተናኘወርቅ ናት።

ከተማ ግንበኛ ነበር። ጣሊያን ለሹማምንቱ ቤት ሲያሠራ፣ ያ ካዛንቺስ የሚሉት ሰፈር ገና የኖራና የድንጋይ ክምር እያለ፣ እሱ በየማለዳው ከቂርቆስ ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣ ነበር። ውሃ መቅጃው ላይ ሴቶቹ ተናኘወርቅን ሲያዩ ወሬያቸውን ይቆርጣሉ። አንድ ቀን አንዷ «ለፈረንጅ ቤት የሚሠራው ሰውዬ ልጅ አይደለችም?» ስትል ሰማች። እናቷ የሞተችው በየካቲቱ እልቂት ነው፤ ጣሊያን እሳት በለቀቀበት ቤት ውስጥ። እና አባቷ ያንኑ ጣሊያን ቤት ይሠራለት?

ያን ቀን ጠዋት በሩ ላይ ጠበቀችው። ብርድ መትቶት ሌሊቱን ሲያቃስት አድሮ ነበርና ራሱን እስከ ጉንጩ በጨርቅ ጠምጥሟል።

«አባባ፣ አታፍርም?» አለችው። «እናቴን ላቃጠሉ ሰዎች በእጅህ ግንብ ታቆማለህ? የምትሠራው ቤት ይናድብህ!»

ከተማ ወደ እሷ ዞረ። ፈገግ አለ።

«እሺ ልጄ» አላት። ከዚያ መሣሪያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሄደ።

እኩለ ቀን ላይ በቃሬዛ መለሱት። መወጣጫው እንጨት ተሰብሮ ወድቆ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያቺ «እሺ» ልትተዋት አልቻለችም። ሰው መጥቶ «ደግ ሰው ነበር» ሲል፣ ተናኘወርቅ «ደጉን ሰው ገደልሽው» ሲላት ትሰማለች። «እግዜር ያጽናሽ» ሲሏት «እንዴት አስችሎሽ ተቀመጥሽ?» ያሏት ይመስላታል። ቡዜ አፏን በከፈተች ቁጥር ደግሞ ጉሮሮዋ ላይ ገመድ ይጠብቃል።

ዳሱ ውስጥ ከመታነቅ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ጎንበስ ብላ ብርጭቆ ስታጥብ ከኋላዋ የዱላ ድምፅ መጣ። ሙሾ አውራጇ ሀብትነሽ ነበሩ፤ በቂርቆስ አካባቢ ሰው ሲሞት እሳቸው ካልመጡ ለቅሶው ሞቀ አይባልም።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ ድንጋይ ላይ እየተቀመጡ። «አባትሽን አላውቀውም። በማላውቀው ሰው ደግሞ ሰው አላስለቅስም። ምን ነበር?»

«ግንበኛ።»

«ግንበኛማ ስንቱ ነው! እሱ ምን ነበር?»

ተናኘወርቅ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ልትናገር ያሰበችው ሌላ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን «ገደልኩት» የሚል ነው።

ሀብትነሽ አልደነገጡም። አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረግ አደረጉ። «በምን?»

«በአፌ።»

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው። እናቷን፣ ውሃ መቅጃውን፣ በሩን፣ እርግማኑን።

«እሱስ ምን አለ?»

«‹እሺ ልጄ› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሞቱን ተቀበለው። ልቡ ተሰበረ። እንደተሰበረ ሄዶ፣ የሚረግጠውን ሳያይ፣ ‹ምን አለኝ› ብሎ…»

«ቆይ፣ ቆይ። ስትነግሪኝ እኮ አብረሽው የወጣሽ ነው የሚመስለው። እዚያ ነበርሽ?»

«አልነበርኩም።»

«እንግዲያው ‹እሺ ልጄ› የእሱ ናት። ከእሷ ወዲያ ያለው በሙሉ ያንቺ ነው፤ አንቺ ነሽ የሠራሽው።»

«ግን ሰው ሁሉ ተረግሞ ነው እያለ!»

«ሰው ሁሉ ቡዜ ናት» አሉ ሀብትነሽ። «እኔ ባሌን አርባ ዓመት ረገምኩት። ሰክሮ በገባ ቁጥር እረግመዋለሁ። ይኸው ዛሬም ጥርሱ ሳይነቃነቅ በቆሎ ይቆረጥማል። ደግሞ አንቺ፣ የጣሊያንን ቤት የረገምሽ አንቺ ብቻ ነሽ? አገሩ በሙሉ አይደል እንዴ ሲረግመው የሚያድረው! እርግማን ቤት የሚጥል ቢሆን እስካሁን አንድ ጡብ በጡብ ላይ ይገኝ ነበር?»

ተናኘወርቅ ሳቅ አመለጣት። ደንግጣ አፏን በእርጥብ እጇ ያዘች።

«ሳቂ፤ ማንም አይከስሽም» አሉ አሮጊቷ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚ። እኔ እንጀራዬ ይሄ ነው። ሰው የሚያለቅሰው ሬሳ ስላየ አይምሰልሽ። ሬሳ ፊት ቆሞ ስለ ራቱ የሚያስብ ሞልቷል። እኔ አንዲት ሐሳብ እጥልለታለሁ፤ እሷን ሲያነሣ ያን ጊዜ ይፈርሳል። ቡዜም እንደ እኔው ትጥላለች፤ የእሷ ግጥም የለውም እንጂ። ሐሳብ ሲመጣ ደግሞ እውነት ነኝ እያለ ነው የሚመጣው። ለውሸቱም ለእውነቱም እኩል ነው ሆድ የሚንቦጨቦጨው። እስቲ ‹ገደልኩት› በይ።»

«ገደልኩት።»

«የት ያዘሽ?»

«ጉሮሮዬን» አለች፣ በእጇ እየያዘችው።

«አሁን ‹አባቴ ወድቆ ሞተብኝ› በይ።»

ተናኘወርቅ አፏን ከፈተች። «አባቴ… ወድቆ ሞተብኝ።» እጇ ሳታዝዘው ከጉሮሮዋ ወርዶ ደረቷ ላይ አረፈ። «ይሄኛው ያማል» አለች።

«ያማል እንጂ! ያኛው ግን ያንቃል። ይሄ ያስለቅሳል። ያኛዋ ሐሳብ ተመልሳ ትመጣለች፤ ለማባረር አትታገያት። ስትመጣ ‹መጣሽ? አንቺ የቡዜ ነሽ› በያትና ብርጭቆሽን እጠቢ። አሁን አባትሽን ስጪኝ።»

ተናኘወርቅ ስለ ቱምቢው ነገረቻቸው፤ ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበት፣ ክር ጫፍ ላይ የታሰረ ሾጣጣ ብረት። ልጅ እያለች ስትቆጣ ከተማ አይጮህባትም ነበር። ቱምቢውን ከምስማር ላይ ያንጠለጥልና ገፋ ያደርገዋል። «ሲወዛወዝ ምንም አይነግርሽም» ይላታል። «ይቁም። ያን ጊዜ የፈለግሽውን ተናገሪኝ።» እሷ ግን ጠብቃ አታውቅም፤ ቱምቢው እየተወዛወዘ ትናገራለች፣ እሱ ይስቃል። በአንደበቷ ይኮራባት ነበር። ለሰው «የእኔ ልጅ ምላስ ድንጋይ ይጠርባል» ሲል ሰምታዋለች። ይህን ከየት አመጣችው? ሰልስት እስኪደርስ አንድም ጊዜ ትዝ አላላትም ነበር። ያቺ «እሺ» ደጁ ላይ ቆማ ሌላው ትዝታ ሁሉ እንዳይገባ ስትመልስ ሰንብታለች።

«በቃኝ» አሉ ሀብትነሽ፣ ዱላቸውን እየፈለጉ።

ዳሱ ውስጥ ሲገቡ ሸዋዬ ካራቢኜሪ እንዳይኖር መንገዱን ተመልክታ በዓይኗ ፈቀደች። ሀብትነሽ እንደ ድሮው ድምፃቸውን አልለቀቁትም፤ ለሕፃን እንደሚያንጎራጉር ሰው በለሆሳስ አወጡት፦

ቱምቢ ይዞ ወጥቶ የሰው ቤት ሊያቀና፣
የእኔ ቤት ዘመመ ከተማ ቀረና።

ተናኘወርቅ ቃሉ የራሷ መሆኑን አወቀችው። ሐዘኑ ደረቷ ላይ መጣባት፤ አልከለከለችውም። አለቀሰች። ሸዋዬ አቅፋት «እሰይ፣ እሰይ ልጄ» አለች፤ ለቅሶ ቤት የማይባል ቃል ነው፣ ግን ማንም አላረማትም። ዝናብ ናፍቆት የዘነበለት ሰፈር ይመስል ዳሱ ሁሉ ቀለል አለው።

ልቅሶው በረድ ሲል ቡዜ ከንፈሯን መጠጠች። «ምስኪን! ያቺ የረገመችው ሴት ይህን ባየች…»

ገመዱ ወደ ጉሮሮዋ ሲመጣ ተናኘወርቅ አየችው። መጣሽ? አለች በሆዷ። ከዚያ ጮክ ብላ፦

«እትዬ ቡዜ፣ እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«ረጋሚዋ። ‹የምትሠራው ቤት ይናድብህ› አልኩት። ክፉ ቃል ነው፣ አሳዝኜው ከሆነ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ቤቱ ግን አልተናደም፤ ቆሟል። ካላመኑኝ ወጣ ብለው ይዩት። የተሰበረው እንጨት ነው፤ እንጨቱን ደግሞ አልረገምኩትም።»

ከወንዶቹ ወገን አንዱ ሳቁን በሳል አደረገው፤ ሸዋዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። ቡዜ የዘገነችውን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለሰች። ያን ቀን አዲስ ወሬ አልነበራትም።

ዳሱ ፈርሶ፣ እንግዳው ቀንሶ፣ ዐርባው ሳይደርስ አንድ ረፋድ ላይ ሸምሰዲን በምርኩዝ እያነከሰ መጣ። የወሎ ሰው ነው፤ ከአባቷ ጋር አንድ መወጣጫ ላይ ይሠራ ነበር፣ አብሮት ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ነው እስከ ዛሬ የቀረው።

«አላህ ያጽናሽ ልጄ። ለቀብሩ ሳልደርስ…»

«እርስዎ በሕይወት መትረፍዎ ይበቃል ጋሽ ሸምሰዲን። ይቀመጡ።»

ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ሰጣት። ቱምቢው ነበር። ኖራው እንኳ አልተራገፈም። ተናኘወርቅ ተቀብላ ክሩን በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ አሰረችው። ብረቱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ ጀመር።

«ያን ቀን ጠዋት እንኳ በአባትሽ ስንስቅበት ነበር» አለ ሸምሰዲን፣ እግሩን በእጁ እያቃና። «ጆሮውን ሲያመው አድሮ ሁለቱንም በነጭ ሽንኩርትና በጥጥ ደፍኖ፣ በጨርቅ ጠቅልሎት መጣ። ምን ብትጮኺለት አይሰማም፤ ለሁሉም ‹እሺ› ነው መልሱ። ‹ከተማ፣ ሚስት እንዳርህ?› ስንለው ‹እሺ›። ያንቺንም ነገር አንሥቶልን ነበር።»

«ምን ብሎ?»

«‹ልጄ በር ላይ አንድ ነገር አለችኝ፣ አልሰማኋትም፤ ስትቆጣ እናቷን ነው የምትመስለው። ማታ ስገባ እጠይቃታለሁ› አለን።» ቀና ብሎ አያት። «ምን ነበር ያልሽው?»

የተናኘወርቅ ዓይን ቱምቢው ላይ ነበር፤ እጇን አንሥታ «አንድ ጊዜ ይታገሡኝ» አለችው በምልክት፣ እና እስኪቆም ጠበቀች።