የጉልላቱ ጦም

ክብሪቱ እንደገና ጠፋ። ርብቃ ሌላ ጫረች፤ የጋዙን መክፈቻ ቀስ ብላ አዞረች። ከምድጃው አፍ የወጣው አየር እሳቷን እንደ ሻማ እፍ ብሎ አጠፋባት። ከደጅ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ፈታኞቹ ደርሰዋል።

በጋፋት አጠገብ፣ በቄስ ገብረየሱስ ግቢ፣ የእበትን ጋዝ ለምድጃ የሚያቀብለውን ጉድጓድ ከቁፋሮው እስከ ጉልላቱ ልስን ያቆመችው እሷ ናት። ደብረ ታቦር ያለ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር ተባብሮ ግንበኞችን ባዮጋዝ ማስተማር ሲጀምር፣ ለሰው ቤት ድንጋይ ስታቀብል የኖረችው ርብቃ ቀድማ ተመዘገበች። ዛሬ ፈተናዋ ነው። ምድጃው ከነደደ የብቃት ማረጋገጫዋን ትቀበልና ለሥራ ወደ እብናት ከሚሄደው የግንበኞች ቡድን ጋር ከሰዓት በኋላ ትሳፈራለች። ካልነደደ ቡድኑ ያለ እሷ ይሄዳል፤ እሷም ተመልሳ ድንጋይ ታቀብላለች። የልብስ ቦርሳዋ ታስሮ በር ላይ ተቀምጧል።

ፈታኙ አቶ ደሳለኝና ከኔፓል የመጣው መምህር ቢኖድ ገቡ። ቢኖድ አማርኛን የተማረው ከሽማግሌዎች ነውና አንቱታ ያበዛል፤ ደጅ የታሰረችውን ጊደር ሳይቀር እንደምን አደሩ ብሎ ነው የሚያልፍ። በአገሩ ላም እንደምትከበር ካወራቸው ወዲህ የጋፋት ሰዎች እንደ ዘመድ ያዩታል። ቄስ ገብረየሱስ ብቻ፣ ታዲያ ጦም ሲፈታ ምን ትበላላችሁ ብለው አዝነውለት ነበር።

ርብቃ ምድጃው እስከ ባለፈው ሳምንት እየነደደ ሽሮ ሲሠራበት እንደቆየ፣ አሁን ግን እንቢ እንዳለ ነገረቻቸው። አቶ ደሳለኝ ቧንቧውን በሳሙና አረፋ ፈተሹ፤ የሚያፈስ የለም። ቢኖድ ጆሮውን ወደ ምድጃው አስጠግቶ አዳመጠ።

"ይተነፍሳሉ፤ ግን ሆድዎን ታመዋል" አለ፣ ጉድጓዱን ማለቱ ነው።

ርብቃ ወጥታ እበት የሚጨመርበትን ክዳን አነሳች። ጎንበስ ስትል አፍንጫዋን የመታው የበረት ሽታ አይደለም፤ የጠላ ጋን ሽታ ነው። ቀና ብላ የቄሱን ሚስት እማማ ፈንታነሽን አየቻቸው። እሳቸው የነጠላቸውን ጥለት ያስተካክላሉ።

"እማማ፣ ከእበቱ ሌላ የሰጡት ነገር አለ?"

"ትንሽ ነው ልጄ። የማርያም ማኅበር የኛ ተራ ነበር። ሰዉ ሁሉ ጠጥቶ ሲሄድ እሱ ብቻ ጦሙን ይደር? አተላውን አቀመስኩት።"

"ምን ያህል?"

"አንድ ጋን ነው።"

"የሁለት ጋን ነው" አሉ ቄስ ገብረየሱስ ከመደቡ ላይ፣ ዓይናቸውን ከዳዊታቸው ሳያነሱ።

እማማ ፈንታነሽ ወደ ርብቃ ዞሩ። "አንቺው አይደለሽ እንደ ላም ሆድ ነው ያልሽኝ? ላም አተላ ስትወድ ጉድ ነው።"

እውነታቸውን ነው። ጉድጓዱን ባስረከበች ቀን፣ በክፍል የተማረችው ቃል ለሰው የማይገባ ሆኖባት፣ የላም ሆድ ነው፣ የሰጡትን ያብላላል ብላ ነበር። ሁሉም ራሱን ሲነቀንቅላት ደስ ብሏት ዋለች። ቢኖድ አተላ ምን እንደሆነ ሲነገረው አፉን በእጁ ከድኖ ሳቀ፤ በማስተማሪያው መጽሐፍ ይህ የለም አለ።

በአጥሩ ላይ ጎረቤታቸው ዘነበች አንገቷን አሰገገች። "የቄስ ቤት ጉድጓድ ሰክሮ ተኛ አሉኝ፤ እውነት ነው?"

ዘነበች የሰማችውን ደግሞ የሐሙሲት ገበያ እንደሚሰማው ርብቃ ታውቃለች። ጉድጓዱ ሞተ ከተባለ ከእንግዲህ በዚህ ቀበሌ የሚቆፍር አይገኝም።

አቶ ደሳለኝ ርኅሩኅ ሰው ናቸው። ጉድጓዱ በአተላው ጎምዝዞ ነው፣ አመድ ጉምዛዜን ይሰብራል፣ ለጊዜው ምንም ሳይጨመርበት በአመድ ውኃ ቀስ በቀስ ከታከመ በሦስት ሳምንት ይመለሳል አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ማሠልጠኛው ግቢ ያለው ምድጃ ይነዳል። የእሱን ጉልላትም የለሰንሽው አንቺ ነሽ። እዚያ ልፈትንሽና ለመኪናው ትደርሻለሽ።"

ነውር የለበትም። ርብቃ ቦርሳዋን አየች። ይሄን ጊዜ ከወጥ ቤቱ ጢስ ወጣ። እማማ ፈንታነሽ አሮጌው ጉልቻቸው ሥር ተንበርክከው የባሕር ዛፍ ጭራሮ እፍ ይላሉ፤ ለወር ያህል ያረፈው ዓይናቸው እንደ ድሮው ቀልቷል።

"ሂጂ ልጄ" አሉ ሳል እያቋረጣቸው። "እንጀራሽ እብናት ነው። እኔ ገድየዋለሁ፤ አንቺ ምን በወጣሽ።"

ርብቃ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ከጉልቻው ሥር የስንት ዘመን አመድ ነጥቶ ተከምሯል።

"አልሞተም እማማ። ያስታመምነው እንደሆነ ይድናል። ይህን አመድ እንዳይደፉት" አለች። ከዚያ ወደ አቶ ደሳለኝ ዞረች። "ሲድን ተመልሰው ይፈትኑኝ ይሆን?"

"እመጣለሁ። ግን ለቡድኑ ሌላ ሰው ይተካል።"

"ይሁን። የማስታመሙን ነገር እኔው ልያዘው።"

እማማ ፈንታነሽ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። "ታዲያ እንግዲህ ምንድን ነው ልበለው? ላም አይደለም ማለትሽ ነው።"

ርብቃ ትንሽ አሰበች። "ባሕታዊ ነው እማማ። ከአንድ ምግብ በቀር አይቀምስም፤ ግብዣም አይወድ።"

ቄስ ገብረየሱስ ዳዊቱን ከድነው ሳቁ፤ ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ። "እንግዲያስ ትክክለኛውን ቀኖና ሰጥተሽዋል። የነነዌ ሰዎችም በአመድ ተቀምጠው ነው ምሕረት ያገኙት።"

ቢኖድ ምን እንዳሳቃቸው ሳይገባው አብሮ ሳቀ፤ ወደ መኪናው ሲሄድም ጉድጓዱን "እግዜር ይማርዎ" ብሎ ተሰናበተ።

ርብቃ በር ላይ የተቀመጠውን ቦርሳዋን አንስታ ወደ ቤት አስገባችና ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። እጅጌዋን እየሰበሰበች አመዱን የምትነፋበት ወንፊት ጠየቀች።