ማንኩሳን ማለፍ ያቃታት ባለአልጋ

መኪናዋ ማንኩሳ መግቢያ ላይ ለአራተኛ ጊዜ ሳል ሳል ብላ ጸጥ ስትል፣ ናጂሃ መሪውን እንደጨበጠች ፊት ለፊቷን ብቻ አየች። ከኋላዋ የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ትንፍሽ አላሉም። ሌላ ቀን ቢሆን ዝምታው ባልከበዳት፤ በራሷ ወሬ ትሞላው ነበር። የዛሬው ዝምታ ግን ለጋራዥ የተመኘቻትን ክፍል ይዞባት ሊሄድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቷ ሐጂ አብዱልሀኪም በቡሬ የታወቁ የማርና የሰም ነጋዴ ናቸው። ማር ሊገዙ ሽንዲ ድረስ ሲወርዱ በየሰው ቤት ማደር ቢሰለቻቸው፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው አገራቸው ከገቡ ፈረንጆች ላይ አንዲት መኪና ገዙ። አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ መጋረጃ አላት፣ በር ዘግተው የሚቀመጡባት መጸዳጃ እንኳ አላት። የቡሬ ሰው «ባለአልጋዋ» አላት፣ ስሙም ጸናባት።

ከሐጂ መጋዘን ጎን ደግሞ ወደ አስፋልቱ የምትከፈት አንዲት ክፍል አለች። ናጂሃ ጋራዥ ልትከፍትባት ከተመኘቻት ሁለት ዓመት ሆናት። ዕድሜዋ ሃያ አራት ነው፤ ሙያውን የተማረችው አባቷ ትተውት ከሞቱት የወፍጮ ሞተርና ከስልኳ ነው። ማንም አላስተማረኝም ትላለች፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቃት ትናገራለች። ክፍሏን ግን ሌላም ሰው ይፈልጋት ነበር፤ የእህል ነጋዴው አቶ ክንፈሚካኤል፣ በቆሎ ሊያከማችባት። ሐጂ ከወንድማቸው ልጅና ከወዳጃቸው መምረጥ ቢጨንቃቸው ፍርዱን ለመኪናዋ ሰጡት። ባለአልጋዋ ከቡሬ ተነሥታ ፍኖተ ሰላም ደርሳ ሳትቆም ከተመለሰች ክፍሏ የናጂሃ፣ መንገድ ላይ ከቆመች የበቆሎው። አቶ ክንፈሚካኤል ለምስክርነት ተሳፈሩ። የሐጂ ባለቤት ኡምሀኒ የተሳፈሩት ለምንም አልነበረም፤ አልጋው ላይ ጋደም ብለው አገር ማየት ይወዳሉ።

መንገድ ላይ መቆም ለባለአልጋዋ አዲስ አይደለም። ከወር በፊት አቅም አጥታ ስትንተፋተፍ፣ ናጂሃ የናፍጣ ማጣሪያዋን፣ ጋራዥ ቤት ፊልትሮ የሚሉትን፣ ፈትታ ብታየው ከየጀሪካኑ የተለቀመ ናፍጣ አጥቁሮት ነበር። ከአዲስ አበባ ሁለት ፊልትሮ አዘዘች፣ አንዱ መጠባበቂያ። ከነጎሚኒያቸው መምጣት ነበረባቸው፤ ጎሚኒ ማለት መጋጠሚያው ላይ ተቀምጣ ናፍጣ እንዳይወጣ፣ አየር እንዳይገባ የምትከላከል የጎማ ቀለበት ናት። ትልልቆቹ መጡ። ትንሿ፣ ከሥር የተጠራቀመ ውኃ የሚፈስበት ብሎን ላይ የምትገባዋ፣ ቀረች። ናጂሃ የደረቀችውን አሮጌ መልሳ ገጠመችና፣ አዲሷ ከባሕር ዳር በሚኒባስ እስክትመጣ ጠብ ጠብ ማለቱ አይቀርም፣ ማንም እንዳይነካካት አለች። እውነትም ጠብ አለ። ኡምሀኒ አልጋ ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ ሸተተኝ እያሉ ሐጂን መቆሚያ መቀመጫ አሳጧቸው። ናጂሃ ብሎኗን ጠበቅ አደረገቻት። በማግስቱ ጠብታው ቆመ።

እዚህ ላይ ዝም ብትል ደግ ነበር። እሷ ግን ባጃጅ ነጂው ሁሉ፣ ሻይ ጠጪው ሁሉ እስኪሰለቸው ድረስ ዋናው እጅ ነው እንጂ ጎሚኒ አይደለም ስትል ከረመች። አዲሷ ጎሚኒ ስትመጣም ከነላስቲኳ መፍቻ ሳጥኗ ውስጥ ወረወረቻት። ባለአልጋዋ ማንኩሳ ላይ መቆም የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ከቡሬ እየዘፈነች ትነሣለች፤ ማንኩሳ ስትደርስ ቀጥ። ቀዝቀዝ ስትልና በእጅ ፓምፕ አየሩ ሲወጣላት ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ተነሥታ እያዘገመች ትመለሳለች። የቡሬ ባጃጅ ነጂዎች ማንኩሳ ላይ ውሽማ ይዛለች ብለው ደመደሙ።

«እንዲያው ለመጠየቅ ያህል» አሉ አቶ ክንፈሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ጆንያዎቹን ዛሬ ላስወርዳቸው ወይስ ነገ ይሻላል?»

«በቆሎዎ ከቸኮለ በእግሩ ይምጣ፣ ጋሼ» አለችና በሩን ከፍታ ወረደች።

ኮፈኑን ከፈተች። የእጅ ፓምፑን ጫን ጫን ስታደርገው በማስተንፈሻዋ ቀዳዳ አረፋ እየተንፈቀፈቀ ወጣ። አየር ነው። በየት ገባ? ቱቦውን በጣቷ ዳሰሰች፤ ደህና ነው። የላይኛውን ጎሚኒ ዳሰሰች፤ ደህና ነው። ጣቷን ወደ ሥር፣ እስከ ዛሬ እንኳን ልትፈትሻት ልትጠረጥራት ወዳልፈለገችው ብሎን ስትሰድ ግን አንድ ለስላሳ ነገር ተጣበቀባት።

የተቆረጠ ሃይላንድ ከሥር ደቀነችና ብሎኗን ፈታቻት። ጎሚኒ የለም። አሮጌዋም የለችም። በምትኳ ከሞተሩ ሙቀት የተነሣ እንደ ቅቤ የላላ ቢጫ ነገር ብሎኗን ዙሪያዋን ከቧታል፤ ግማሹ ወደ ውስጥ ተስቦ ገብቷል። በቀረው ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ።

ናጂሃ ያንን አሻራ ታውቀዋለች። በሐጂ መጋዘን ያንጠባጠበ የማር በርሜል ሁሉ ያው አሻራ ታትሞበታል። ሐጂ ቀዳዳ ካዩ፣ ኪሳቸው ከማይጠፋው ሰም ቆንጠር አድርገው፣ በመዳፋቸው አሙቀው፣ በአውራ ጣታቸው መድፈን ነው፤ በርሜልም ይሁን ጣሳ፣ አንድ ጊዜ የጎረቤት የውኃ ቧንቧ ሳይቀር ደፍነዋል። የማር በርሜል ግን እንደ ሞተር አይግልም። ሰሙ ቡሬ ላይ ደርቆ ይይዛል፤ ማንኩሳ ሲደርስ ይላላና አየር ያስገባል። ውሽማም የለ፣ ምንም የለ።

ምላሷ ላይ ሦስት ቃል ተከታትሎ መጣ፣ ሦስቱም የሚያቆስል። ዋጠችው። አጎቷን በአቶ ክንፈሚካኤል ፊት አዋርዳ ክፍል የሚሰጣት እንደሌለ ታውቃለች፤ ዝም ካለችም ክፍሏ ሄደች። ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ግን ሌላ ነገር ነበር። ጠብታውን ያቆመው የሷ እጅ አልነበረም።

ሰሙን በካርቶን ቁራጭ ላይ አድርጋ ገባችና በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። «አጎቴ፣ ይቺን ብሎኗ ላይ አገኘኋት። እርስዎ ያውቋት ይሆናል ብዬ ነው።»

ሐጂ አንድ ጊዜ አይተው ዓይናቸውን መስኮቱ ላይ ተከሉ። ጢማቸውን አሻሹ። ነገሩ በዚያው ተድበስብሶ ሊቀር ነበር፣ አቶ ክንፈሚካኤል ካርቶኑን ተቀብለው ባያሸቱት ኖሮ። እሳቸው ከእህልም አልፈው በሁሉ ነገር አዋቂ መባል ይወዳሉ። ቆንጥረው አገላብጠው አዩትና፣ ይሄማ ከጠጅ ቤት የሚጣል ሰፈፍ ነው አሉ፤ እንዲህ ያለውን ቆሻሻ ማን ዕቃ ብሎ ይይዘዋል።

«ሰፈፍ?» አሉ ሐጂ።

ኡምሀኒ ከአልጋው ላይ ቀና አሉ። ባላቸውን ያውቋቸዋል።

ሐጂ ሰሙን ከወዳጃቸው እጅ ነጥቀው በሁለት ጣታቸው መካከል እንደ ክር ሳቡት። «አንተ ሰው፣ ይህን ነው ሰፈፍ የምትለው? ናፍጣ ጠጥቶ እንኳ አይበጠስም፣ እየው። ይህ የሽንዲ ሰም ነው፤ በጨርቅ ሁለት ጊዜ የተጠለለ። ቡሬን ብታስስ ከእኔ ኪስ በቀር አታገኘውም።»

የተናገሩትን ራሳቸው የሰሙት ተናግረው ከጨረሱ በኋላ ነው። ሰሙ ጣታቸው መካከል እንደተሳበ ቀረ። ኡምሀኒ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጠቅጥቀው አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ሐጂ ለመስኮቱ እንጂ ለሰው እንደማይናገሩ ሁሉ ቀስ እያሉ አወጡት። የአልጋ ልብሱ ጣጣ ቢበዛባቸው አንድ ጧት ከሱብሂ ሶላት ሲመለሱ የደረቀችውን ጎሚኒ አውጥተው ጥለው ቦታውን በሰም ደፈኑት፤ መኪናዋ ከማንኩሳ በተመለሰች ቁጥርም አደሱላት። ለናጂሃ ያልነገሯትም ምላሷን ፈርተው ነው። ይህን የመጨረሻውን ሲናገሩ ድምፃቸው ከሁሉም አነሰ።

ናጂሃ አሁን ተራው የማን እንደሆነ ገባት። አጎቷን ብቻቸውን እዚያ መስኮት ላይ ትታ መሄድ አልሆነላትም።

«ጠብታውን ያቆሙት እርስዎ ነዎት» አለች። «እኔ በእጄ ያቆምኩት መስሎኝ አገር አደነቆርኩ። ፈትቼ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም። አዲሷ ጎሚኒም ከመጣች ሰነበተች፣ ሳጥኔ ውስጥ ናት።» ይህን ከምትናገር ብሎኗን በጥርሷ ብትፈታ ይቀላት ነበር።

አቶ ክንፈሚካኤል ሁለቱንም በትዕግሥት አዳመጡና፣ ኑዛዜው መልካም ነው፣ መኪናዋ ግን ቆማለች፣ ውል ደግሞ ውል ነው አሉ። ሐጂ ያቆምኳት እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም ብለው ተከራከሩ። ወዳጃቸው ጎሚኒ ሳጥን ውስጥ የቆለፈውስ ማነው ብለው መለሱላቸው። ክርክሩ ሲጦዝ ሐጂ የክፍሏን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ወዳጃቸው እጅ ላይ አስቀመጡት።

«ከዚህ እንጀምር። አሁን ትጠግናት፤ ከዚህ ተነሥታ ፍኖተ ሰላም ዞራ ቡሬ ሳትገባ ከቆመች ቁልፉን ይዘህ ቤትህ ግባ። አንዲት ቃል አይወጣኝም።»

አቶ ክንፈሚካኤል ባለአልጋዋ አራት ጊዜ መቆሟን ስለሚያውቁ ደስ ብሏቸው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

ተስቦ የገባው ሰም ፊልትሮውን በክሎታልና ናጂሃ መጠባበቂያውን አወጣች። አሮጌውን ፈትታ መቀመጫውን በንጹሕ ጨርቅ ወለወለች። አዲሱን ንጹሕ ናፍጣ ሞላችው፤ የትልቋን ጎሚኒ ከንፈር በጣቷ ናፍጣ ቀብታ በእጇ ብቻ አጠበቀችው። ትንሿን ከላስቲኳ አውጥታ ብሎኗ አንገት ላይ አጠለቀቻት። ብሎኗንም መፍቻ ይዛ ልክ እስኪሆን ብቻ አሠረቻት፤ ጉልበት አልጨመረችም። ሐጂ በላይዋ ጎንበስ ብለው ይመለከቱ ነበር። እጃቸው ሁለት ጊዜ ወደ ኪሳቸው ሲሄድ ሁለት ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ባዶውን መለሱት። ከዚያ አረፋው ጠፍቶ ናፍጣው ጥርት ብሎ እስኪፈስ ድረስ ፓምፑን መታች።

ባለአልጋዋ በአንድ ጊዜ ተነሣች።

ማንኩሳን አለፉ። ፍኖተ ሰላም ገብተው መናኸሪያው አጠገብ ቀስ ብላ ዞረች እንጂ አልቆመችም። ከኋላ ኡምሀኒ ከፔርሙዛቸው ሻይ እየቀዱ ለአቶ ክንፈሚካኤል ያቀርባሉ፤ እንግዳ አክባሪ ናቸው፤ ሲኒው ሳይጎድል ይሞላል። እሳቸውም ሞተሩ እስኪያስል ጆሯቸውን ጥለው እየጠበቁ፣ ስንት እንደጠጡ አላወቁትም። ማንኩሳን ወደ ቡሬ ሲመለሱ ካለፏት በኋላ ግን ወሬያቸው አጠረ፤ ከዚያም ጠፋ። መቀመጫቸውን ደጋግመው ለወጡ። የመጸዳጃዋን በር ገፋ ቢያደርጉት ሐጂ እስከ ጣሪያዋ የማር ጣሳ ሞልተውባታል።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «እስቲ እዚች ጥግ ገታ አድርጊያት።»

«ከቆመች ተሸነፍኩ እኮ፣ ጋሼ።»

እኔ ሳስቆማትማ አይቆጠርም አሉ። ናጂሃ እንዲህ የሚል ነገር አልሰማሁም አለች፤ ካጎቴ ይጠይቁ። ሐጂ ከመስኮቱ ጋር እንደገና ተወዳጅተው ነበር፤ አንዲት ቃል አይወጣኝም ብያለሁ፣ አይወጣኝም አሉ። ግራና ቀኙ ሰው የሚያክል በቆሎ ነው፣ እስከ ዓይን ድረስ ለምለም። ናጂሃ መሪውን በአንድ እጇ ይዛ፣ ሳትቸኩል፣ ጉድጓዶቹን ደህና አድርጋ አንድ በአንድ ወረደችባቸው።

በሦስተኛው ጉድጓድ ላይ በመጋረጃው መካከል አንድ እጅ ወጣ፣ ቁልፉን እንደያዘ።

ናጂሃ ቁልፉን ተቀብላ ጥግ ያዘች፤ ሞተሩን ግን አላጠፋችም። አቶ ክንፈሚካኤል ጃኬታቸውን እንኳ ሳይቆልፉ ወርደው በቆሎው ውስጥ ገቡ፤ ከላይ የሚታየው ባርኔጣቸው ብቻ ነበር። ናጂሃ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች። ቃሉ መጥቶላታል፤ ጣፋጭ፣ ስለ በቆሎ ማከማቻ።

«ተይው» አሉ ሐጂ ከኋላዋ።

«ምን አልኩ?»

«ልትይ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። አንገቷን መለሰችና ቁልፉን እጇ ውስጥ ጨብጣ፣ ሞተሩ ሳያስል ሳይንተፋተፍ ሲሠራ እየሰማች ጠበቀቻቸው።