ከብረቱ ውስጥ የሚያንኳኳው

ፋብሪካው ውስጥ «ጆሮ» ነው የሚሏት። መኪናው ተገጣጥሞ ሲያልቅ ትገባና በሮቹን ዘግታ፣ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። የላላች ብሎን አታመልጣትም።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ አንዲት ነጭ መኪና ውስጥ ገባች። ሞተሩን ገና ሳታስነሳ፣ ከግራ ጆሮዋ ሥር ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ሰማች። ቆይቶ ደግሞ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። በሩን ከፈተችው፤ ማንም የለም።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መስሏል» አሏት አለቃዋ።

«ገባ ይበሉና ይስሙት።»

አለቃው ገቡ። ከአገባባቸው ይልቅ አወጣጣቸው ፈጠነ።

«የላላ ነገር ነው» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ይፈታ!»

መኪናዋን በተሠራችበት መንገድ ወደ ኋላ መለሷት። መጀመሪያ ወንበሮቹንና ምንጣፉን አወጡ፤ ያንኳኳል። ሞተሩንና ካምቢዮውን ከሥር አወረዱ፣ ጎማዎቹን አወለቁ፤ ያንኳኳል። ሽቦዎቹን እንደ አንጀት ጎትተው አወጡ፣ መስታወቶቹን፣ በመጨረሻም አራቱን በሮች ነቀሉ።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«በር በሌለበት የሚያንኳኳ እንግዳ ዛሬ ገና አየሁ!» አለ ቀልደኛው ኤሌክትሪሺያን። የሳቀለት ሰው አልነበረም።

ከምሳ በኋላ የቀረው ቀለም የተቀባ ባዶ ቅርፊት ብቻ ነበር። በጋሪ አድርገው ወደ ብየዳ ክፍል ገፉት፤ የተጨመቁ ሉህ ብረቶች ተበይደው የመኪና ቅርጽ የሚይዙት እዚያ ነው። የጆሮ እግር ተጎተተ። ወንድም ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟ ዕድሜውን የፈጀው በዚህ ክፍል ውስጥ ነበር። ሥራ ያስገባት እሱ፣ ብረት ማዳመጥ ያስተማራት እሱ። ከሦስት ወር በፊት ታሞ ከሞተ ወዲህ ደጁን ረግጣ አታውቅም።

ድምፁ የሚመጣው በፊትና በኋላ በር መካከል ከቆመው የግራ ምሰሶ ነበር። ሁለት የታጠፉ ብረቶች ገጥመው የተበየዱበት፣ ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ግን የልጅ እጅ እንኳ የማያስገባ።

«ቁረጠው» አለችው በያጁን።

«እህቴ፣ ይሄ ብረት የተጨመቀው እኮ ባለፈው ሳምንት ነው። ምን ይገኛል ብለሽ ነው?»

«ቁረጠው አልኩህ!»

የእሳት ፍንጣሪው ተረጨ። ምሰሶው እንደ አተር እሸት ለሁለት ተፈለቀቀ። ማንኳኳቱ ቀጥ አለ። ውስጡ ባዶ ነው። ብረቱ ላይ ግን በጥቁር ዘይት የታተመ የቀኝ እጅ መዳፍ ነበር። አውራ ጣት አለ፤ የመሐል ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ ትንሿም አለች። ሌባ ጣቱ ከሥሩ ጎሏል። የወንድም ጋሼን ሌባ ጣት በጎረምሳነቱ የብረት መጭመቂያው እንደወሰደበት እዚያ ክፍል የማያውቅ አልነበረም።

ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ። ቀዘቀዘ። ጆሮ መዳፏን መዳፉ ላይ አሳረፈች፤ እሱ ብቻ ይሞቃል።

አለቃው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሲያዙ እንጂ ምክር ሲጠይቁ ተሰምተው የማያውቁት ሰውዬ «ምን ይሻላል?» አሏት።

«እንደነበረ ይበየድ» አለች።

ተበየደ፣ ተቀባ፣ ሞተሩም ወንበሩም ተመለሰ። ቅዳሜ ጆሮ ገብታ ረጅም ሰዓት አዳመጠች። ጭጭ ነው። «አልፋለች» ብላ ፈረመች፤ መኪናዋም ያን ዕለት ተሸጣ ወጣች።

ማታውን ለእናቷ ነገረቻቸው። እናቷ ቀሚስ እየጠቀሙ ነበር፤ ታሪኩ እስኪያልቅ ቀና አላሉም።

«ይሞቃል ነው ያልሽው?»

«አዎ እማዬ። ልክ እንደ ሰው ገላ።»

መርፌው ቆመ። «እሰይ፣ አልበረደውም ማለት ነው» አሉ። ቀሚሱን አጠፍ አድርገው ደግሞ «ነጭ ናት አይደል መኪናዋ?» ብለው ጠየቁ።

በማግስቱ ጆሮ ከእንቅልፏ ስትነሳ፣ እናቷ ወንበራቸውን ወደ መንገዱ መስኮት አዙረው ተቀምጠዋል።