የሩሐማ ኮምፒውተር ለምን ይጠፋል

«ኮምፒውተር ለምን ዝም ብሎ ይጠፋል?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ያናድደኛል። ዝም ብሎ የሚጠፋ ነገር የለም። ጭሮ ላይ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፤ ወላሂ፣ ያለ ምክንያት የጠፋ አንድም አላየሁም።

እትዬ ሳህሊቱ ግን የኮምፒውተሩን ሳጥን ታቅፈው ከባጃጅ ሲወርዱ አልተናደድኩም።

«በክሪ ልጄ፣ ድረስልኝ። ባለፈው ሳምንት ልጄ ሩሐማ የሥራ ፈተና በኢንተርኔት እየተፈተነች መሀል ላይ ድርግም አለባት። ለምነን ለምነን ዛሬ ስምንት ሰዓት ሊደግሙላት ነው። ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል የላትም።»

ፈታሁት፣ አጸዳሁት፣ ረፋዱን ሙሉ አሠራሁት። ምንም አልሆነም። እንግዲህ ችግሩ ቤት ነው ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ።

ሩሐማ ከፈተችው። ወዲያው እናቷ ወፍራም ዳንቴል አምጥተው ሳጥኑን ከአናቱ እስከ ጀርባው አለበሱት። «የመንገዱ አቧራ እንዳያበላሽባት ብዬ ነው፤ ሰባት ወር ፈጀብኝ» አሉኝ። አየር የሚያስወጣበት ቀዳዳ ድፍን አለ። ታፍኖ ሲግል ራሱን ያጠፋል እንጂ ሌላ ምን ያድርግ?

ልናገር ስል ሩሐማ በዓይኗ ከለከለችኝ። እናቷ ውሃ ሊያመጡልኝ ሲወጡ፣ «አውቃለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሁልጊዜ እሷ ስትወጣ አነሳዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ከጎኔ ተቀምጣ ስትጸልይልኝ ነበር። ዓይኗ እየደከመ የሠራችውን ላነሳው ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

«ዛሬስ?»

የዳንቴሉን ጠርዝ አስተካከለች። አበሳጨችኝ፤ አንጀቴንም በላችው።

እትዬ ሳህሊቱ ሲመለሱ፣ ቅር ቢላቸውም ይበላቸው ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። የውሃውን ብርጭቆ አስቀመጡና ዳንቴሉን ገፈፉት።

«ያን ቀን እያወቅሽ ነው የተውሽው?»

ሩሐማ አንገቷን ደፋች።

«አንቺ ልጅ፣ ክር ካንቺ ይበልጥብኛል?» አሉ።

ስምንት ሰዓት ላይ ፈተናው ተጀመረ። እትዬ ሳህሊቱ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ሳጥኑን በካርቶን ቁራጭ ማራገብ ጀመሩ። አያስፈልገውም ብላቸውም አልሰሙኝም። ሩሐማ የመጨረሻውን ጥያቄ መልሳ እስክትነሳ ድረስ እጃቸውን አላሳረፉም።