የአራተኛ ክፍሏ መራጭ

ጋሼ ዝም ያን ቃል ከተናገራት አሥራ አንድ ዓመት አልፏል። እሱ በነጋታው ረስቶታል። እሷ ግን እስከ ዛሬ ከነድምፁ ይዛዋለች።

እሷ መጽሐፍ ጠጋኝ ናት። ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ፣ ጠረጴዛና ሰው አንድ ላይ ከገቡ በሩ አልዘጋ የሚል ጠባብ ክፍል አላት። እዚያ ተቀምጣ ጀርባው የተገነጠለውን በሰም በታሸ ክር ትሰፋለች፣ ቅጠሉ የረገፈውን በሙጫ ትለጥፋለች፣ የሰፋችውን ደግሞ በሁለት ጣውላ መሃል አስገብታ ብሎኑን ጥርቅም አድርጋ እስኪደርቅ ትጠብቃለች። ልጆቹ "እትዬ መርፌ" ይሏታል። ጋሼ ዝም የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነው። ለእሱም ስም ያወጡለት ልጆቹ ናቸው፤ በቀን መቶ ጊዜ "ዝም!" ስለሚል።

ነገሩ የሆነው ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሙጫው እስኪይዝ ብላ አንዱን መጽሐፍ ገለጥ አድርጋ ሥዕሉን ታያለች። ጋሼ ዝም በሩ ላይ ቆሞ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደና፣

"አንቺ ጀርባውን ስፊ፤ ሆዱን ለአንባቢዎች ተይላቸው" አላት።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ቀልድ መስሎት ነው፤ ደግሞም ራሱ ሳቀበት። እሷ ግን ሦስተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ከትምህርት ገበታ የተነሳች ሴት ናትና ቃሉ ሄዶ ሄዶ የሚያማት ቦታ ላይ አረፈ። አንባቢ የሚባሉ ሰዎች አሉ፣ አንቺ ከእነሱ አይደለሽም ማለቱ ነው። መጽሐፉን ከደነችው። ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትሰፋ ኖረች፣ አልገለጠችም። እልኸኛ ናት። ተይ ካሏት እስከ ጥጉ ትተዋለች።

በየዓመቱ ደግሞ የልጆች ምርጫ የሚባል የመጽሐፍ ሽልማት አለ። አምስት አዳዲስ የልጆች መጻሕፍት፣ እያንዳንዳቸው በአሥር በአሥር ቅጂ፣ ለየትምህርት ቤቱ ይላካሉ። ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች አንብበው ድምፅ ይሰጣሉ። የየትምህርት ቤቱ ድምፅ እዚያው ይነበብና ወደ አዘጋጆቹ ሄዶ ይደመራል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው ደራሲ ይሸለማል። መምህር ድምፅ የለውም። ርዕሰ መምህር ድምፅ የላትም። ጋሼ ዝም ራሱ፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ እየተቆጣ የሚጠብቀው ሰውዬ፣ ድምፅ የለውም።

ጠጋኟ ግን በትምህርት ቤቱ የሚያሸንፈውን ከማንም ቀድማ ታውቃለች። በእጇ ነዋ! ልጆች የወደዱት መጽሐፍ ተገንጥሎ፣ ጥጉ ታኝኮ፣ ማርማላታ ተቀብቶ ጠረጴዛዋ ላይ ይመጣል። ያልወደዱት እንደ ሙሽራ ንጹሕ ሆኖ መደርደሪያው ላይ ይቀራል። መምህራኑ ሹልክ ብለው "እትዬ፣ ዘንድሮ ማን ነው?" ይሏታል። "ይሄ ነው" ካለች እሱ ነው። አንድም ዓመት ስታ አታውቅም። ስለ መጽሐፉ ውስጥ ግን ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ ቢጠይቃትም የምትለው አልነበራትም።

ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው ትምህርት ቤት ቅዳሜና እሁድ የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት በሩ ላይ ቀድማ የተገኘችው እሷ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሪ አሏት፣ ጀመረች። ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ገባች። ገብታም አንድ ቀን ማለዳ የምርጫውን ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ አየችው። በጣቷ እየተከተለች አነበበች፦ በዚህ ትምህርት ቤት ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል የሚማር ማንኛውም ተማሪ፣ አምስቱንም መጻሕፍት አንብቦ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጥያቄ ከመለሰ፣ ድምፅ መስጠት ይችላል።

ደግማ አነበበችው። ዕድሜ የሚል የለበትም።

"ጋሼ፣ ይመዝግቡኝ" አለች፣ ሽርጧን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ፊት ቆማ።

"ለምኑ?"

"ለምርጫው ነዋ።"

ጋሼ ዝም ሳቁን ለቀቀው። "አንቺ ሴትዮ፣ ነገ ከነገ ወዲያ አያት የምትሆኚ ሰው! ይሄ እኮ የልጆች ነው።"

"ማስታወቂያው ተማሪ ነው የሚለው።"

"ተማሪ ማለት... ያው ይገባሻል።"

"አይገባኝም። ያልገባው ተማሪ እጁን አውጥቶ ይጠይቅ ተብለናል። ይኸው አወጣሁ።" እውነትም እጇን አወጣች። በሌላኛው እጇ ከሽርጧ ኪስ የአራተኛ ክፍል ካርዷን አውጥታ መዝገቡ ላይ አስቀመጠች።

ተያይዘው ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ሄዱ። ርዕሰ መምህሯ ካርዱን አየች፣ ማስታወቂያውን አስመጥታ አየች፣ ከዚያ ሁለቱንም አየቻቸው።

"የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጅ ብዬ መጻፍ እችል ነበር፣ ተማሪ ብያለሁ። ያንብቡ እትዬ። ግን ለእርስዎ ተብሎ አንድ ጥያቄ አይቀነስም።"

"ቀንሱልኝ ያለ ማን አለ?" አለች ጠጋኟ።

ከቢሮው ስትወጣ ግን በጣቷ ቆጠረች። አምስት መጽሐፍ፣ አምስት ሳምንት። ካቃታት ጋሼ ዝም ልክ ነበረ ማለት ነው። ያኔ የተናገራት ቀልድ መሆኑ ቀርቶ እውነት ይሆናል፤ እሷም በገዛ እጇ መስክራለት።

እቤቷ፣ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለቻት። ልጅቷ እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ *ሊፍት የገባው ዝሆን* የሚባለውን በጣቷ ስትከተል ስታያት መጀመሪያ አልሳቀችም፤ በኋላ ግን አልቻለችም።

"እማ፣ ከንፈርሽ ከዝሆኑ በላይ ደከመ እኮ!"

"አንቺ የሐኪም ጽሑፍ የምታነቢው ዓይንሽን አጨንቁረሽ አይደል? እኔ በከንፈሬ አነባለሁ። አርፈሽ ተቀመጪ።"

ዝሆኑ በሳምንት አለቀ፤ ብቻዋን እየሳቀች ነው የጨረሰችው። *መርማሪዎቹ ድመቶች* አሥር ቀን ወሰደባት። የእግር ኳሱ መጽሐፍ፣ *የመጨረሻዋ ደቂቃ*፣ ኦፍሳይድ የሚባል ነገር ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። በማግስቱ አንዲት ጥርሷ የወለቀ የአራተኛ ክፍል ልጅ የተገነጠለ መጽሐፍ ይዛ ስትመጣ ጠጋኟ በሩ ላይ ቆማ መንገድ ዘጋችባት።

"ኦፍሳይድ ምንድን ነው? ሳትነግሪኝ አትወጪም።"

ልጅቷ ሳትደናገጥ የሙጫ ቆርቆሮውን ግብ ጠባቂ፣ መቀሱን ተከላካይ፣ የክር ጥቅሉን አጥቂ አደረገችና ጠረጴዛው ላይ አሰለፈቻቸው። "ኳሱ ሲመታ ክሩ ከመቀሱ አልፎ ከቆመ፣ ዳኛው ፊሽካውን ይነፋል።"

"ታዲያ ክሩ ጎበዝ ስለሆነ ቢቀድም ምን አለበት?"

"እሱን ሁሉም ሰው ይጠይቃል እትዬ" አለች ልጅቷ፣ እንደ ትልቅ ሰው ተንፍሳ።

*ከዋክብት ስንት ናቸው?* የሚለው መጽሐፍ ደግሞ ዜሮ የበዛበት ነበር። እሱን እንደምንም ስትጨርስ አራት ቀን ቀራት። የቀረው መጽሐፍ *ሰባት ካርቶን* ይባላል፤ ሽፋኑ ግራጫ፣ በግራጫው ላይም አንድ ካርቶን ብቻ የተሣለበት።

"አራት ቀን አይበቃሽም" አለች ልጇ። "አምጪ እማ፣ እኔ ላንብብልሽ፣ አንቺ ተኝተሽ ስሚ። ማን ያይሻል?"

"አንቺ ካነበብሽው ያነበብሽው አንቺ ነሽ። ሂጂና ለራስሽ ተመዝገቢ።"

መጽሐፉን ከመክፈቷ በፊት እንደ ልማዷ በእጇ ዳበሰችው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ገጾች የጣት አሻራ አለባቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾችም። መሃሉ ግን ገና ከማተሚያ ቤት እንደወጣ፣ ቅጠል ከቅጠል አልተላቀቀም። ቤተ መጻሕፍት ስትደርስ የሌሎቹንም ቅጂዎች አየች፤ ዘጠኙም እንደዚያው። ብቻዋን ሳቀች። ጋሼ ዝም ሁልጊዜ የሚጠይቀው የመጽሐፉን መጨረሻ ነው። እነዚህ ጉዶች ነቅተውበታል!

እሷ ግን መሃሉን ገባችበት። ቤት የምትቀይር ልጅ ታሪክ ነው፤ በየምዕራፉ አንድ ካርቶን ይከፈታል። አራተኛው ካርቶን ሲከፈት ጠጋኟ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አኖረችና ግድግዳውን ስታይ ቆየች።

"እማ? ምን ሆንሽ?"

"ተዪኝ፣ አራተኛው ካርቶን ላይ ነኝ።"

"ታለቅሻለሽ እንዴ?"

"ደግሞም እስቃለሁ። ምን አገባሽ?"

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ የመጨረሻዋን መስመር አነበበች።

ጋሼ ዝም መዝገቡን ከፍቶ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ጠበቃት። የዝሆኑ ሊፍት እንዴት እንደተከፈተ ጠየቃት፣ መለሰች። የድመቶቹን ሌባ ጠየቃት፣ መለሰች። ስለ ከዋክብቱ ስትጠየቅ አንድ ዜሮ አጎደለችና ወዲያው ራሷ መለሰችው። በእግር ኳሱ መጽሐፍ ያ ጎል ለምን ተሻረ ሲላት የብዕር ማስቀመጫውንና ማኅተሙን እየገፋች አስረዳችው፤ ማኅተሙን ከእጇ ነጠቀና ወደ ቦታው መለሰ።

"*ሰባት ካርቶን*" አለ። "መጨረሻ ላይ ልጅቷ..."

"መጨረሻውንማ ያላነበበውም ያውቀዋል። ከመሃል ይጠይቁኝ።"

"ከመሃል?"

"ከመሃል።"

ጋሼ ዝም መጽሐፉን አነሳ። ገለጠ። ቅጠሎቹ ተጣብቀው አስቸገሩት። አንዱን ገጽ አየ፣ ሌላውን አየ፣ ጆሮው ቀላ። ምን ብሎ ይጠይቅ?

"ጋሼ" አለች ጠጋኟ ቀስ ብላ፣ "እርስዎም መሃሉን..."

"ዝም!"

እሱ ገጾቹን ማላቀቅ ቀጠለ።

"አራተኛው ካርቶን ውስጥ ምን እንደነበረ ልንገርዎት?"

ጋሼ ዝም መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና፣ "አትንገሪኝ። ዛሬ ወደ ቤት እወስደዋለሁ" አለ። ከዚያ መዝገቡን ስቦ ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው መስመር ላይ ስሟን ጻፈ። ከስሟ ትይዩ፣ "አንባቢ" በሚለው ዓምድ ሥር፣ ምልክት አደረገ። ምልክቱን በዓይኗ እስክታየው ድረስ ከጠረጴዛው አልተነቃነቀችም።

ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ጠዋት ልጇ ፀጉሯን እያበጠረች፣ "ለዝሆኑ ስጪ እማ" አለቻት። "እሱ እንደሚያሸንፍ አንቺው ነግረሽኛል። አብረሽ ታጨበጭቢያለሽ፣ ደስ ይልሻል።"

እውነት ነው፤ ዝሆኑ ዘንድሮ ጠረጴዛዋ ላይ ስድስት ጊዜ መጥቷል። እጇ ዝሆኑን ብሏል፣ እጇ ደግሞ ስቶ አያውቅም። ግን ዘንድሮ የተጠየቀው እጇ አልነበረም። ወረቀቷን ይዛ ከአራተኛ ክፍል ልጆች ኋላ ተሰለፈች፤ ተራዋ ሲደርስ ጻፈች፣ አጠፈች፣ ሳጥኑ ውስጥ ጨመረች። ማንንም ዞራ አላየችም።

ውጤቱ የተነበበው በአዳራሹ ነው። ጠጋኟ ከአራተኛ ክፍሎች ጋር አጭሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷ አገጯ ጋ ደርሷል። ጋሼ ዝም ወረቀት ይዞ መድረክ ላይ ወጣ።

"*ሊፍት የገባው ዝሆን*፣ አንድ መቶ ሃያ አንድ!" አዳራሹ ተናወጠ። "*መርማሪዎቹ ድመቶች*፣ ሃምሳ ስምንት! *የመጨረሻዋ ደቂቃ*፣ ሃያ ሦስት! *ከዋክብት ስንት ናቸው?*፣ አሥራ አንድ!" ወረቀቱን አጠፈው። "እንግዲህ በዚሁ..."

"አምስት አይደሉም እንዴ?" የሚል ድምፅ ከመሃል መጣ።

ጋሼ ዝም የጠጋኟን ድምፅ አወቀ። ከመድረኩ ወርዶ በሁለት አግዳሚዎች መሃል አልፎ መጣና ጎንበስ አለላት። "እትዬ፣ ይቅርብሽ" አለ በሹክሹክታ። "ለአንቺ ብዬ ነው። ልጆቹ ይስቁብሻል።"

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ "እትዬ" ብሏት አያውቅም። ሰማችው። ግን በዚህ የምትደሰትበት ጊዜ አልነበረም።

"አምስት መጽሐፍ ነው ያነበብነው ጋሼ። አምስቱም ይነበብ።"

ጋሼ ዝም ወደ መድረኩ ተመልሶ ወረቀቱን ዘረጋ፤ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ከቀደሙት ሁሉ በላቀ ድምፅ አነበበው።

"*ሰባት ካርቶን*፣ አንድ!"

አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ። "አንድ? ኧረ ማን ነው?" "ተሳስቶ ነው!" "ዓይኑን ጨፍኖ ነው!" ልጆቹ እርስ በርስ መጠቋቆም ጀመሩ።

ጠጋኟ ተነሳች። ከዚያ አጭር አግዳሚ መነሳት ቀላል አልነበረም፤ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ፣ ሌላውን አጠገቧ ያለችው ልጅ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ ነው የተነሳችው። ሽርጧን አላወለቀችም። ከቆመች በኋላ ግን ቀጥ አለች።

"እኔ ነኝ" አለች።

ሳቁ ተቆረጠ። ዝም በሉ ያለ ሰው አልነበረም።

"እትዬ መርፌ!" ትከሻዋን ያዋሰቻት ያቺው ጥርሷ የወለቀ ልጅ ነበረች። "ዝሆኑን አልወደዱትም?"

"ወደድኩት። ሆዴን እስኪያመኝ ስቄበታለሁ። የመረጥኩት ግን ይሄኛውን ነው።"

"ለምን? ምን አለው?"

ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ፊት ወደ እሷ ዞረ። ጋሼ ዝምም መድረኩ ላይ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ይዞ ይጠብቃል። ስለ መጽሐፍ ውስጥ ሰው ሲጠይቃት ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ የጠየቃትም አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ነው። አሁን የምትለው ነበራት። ዋጠችው።

"አልነግራችሁም" አለች። "ተንከባላችሁ ብትለምኑኝም አልነግራችሁም። አሥሩም ቅጂ መደርደሪያው ላይ አለ። አንብቡት።"

ብላም ተመልሳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች።