ተሸጉጣ የቀረችው ሽጉጥ

«ለሰው ነው ለአውሬ?» አለኝ ካሣሁን።

በመካከላችን፣ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ በተዘረጋ ፎጣ ሦስት ሽጉጦች ተኝተዋል። ሱቁ መካነ ኢየሱስ ላይ ነው፤ ከፊት ሚስማርና ቆርቆሮ ይሸጥበታል፣ ከጓሮው ክፍል ግን ሌላ ነገርም አይጠፋም። ካሣሁን የአክስቴ ልጅ ነው። ባሕር ዳር በአንድ አልጋ ተኝተን አድገናል።

«ለሁለቱም ቢሆንስ?» አልኩ።

«ለሁለቱም የምትሆን የለችም። ይቺን እያት።» ትንሿን አነሳ። አፈሙዟ ከአውራ ጣት አይበልጥም፣ ከበሮዋ አምስት ጥይት ይጎርሳል። «ይቺን ከጃኬት ሥር ብትሸጉጣት እናትህም አታውቅም። ከርከሮ ላይ ብትተኩሳት ግን ታናድደዋለህ እንጂ አትጥለውም። ያቺኛዋ ደግሞ» አለ ትልቋን በአገጩ እያሳየ፣ «ከርከሮ ትጥላለች። ግን መዶሻ ታጥቀህ እንደምትሄድ ሰው ሁሉ ያያታል።»

«እነዚያ ጠፍጣፋዎቹስ? ጥይታቸውን በካርታ የሚጎርሱት?»

ካሣሁን ሳቀ። «የቱርኮቹን ነው? ስማ፣ ሰው ከቱርክ ሽጉጥ ያስመጣል፤ አንተ እዚያው ድረስ ሄደህ የትምህርት ወረቀት ይዘህ መጣህ። እነሱ አንዳንዴ ጥይት ይነክሳሉ። ባለ ከበሮዋ ግን ዓመት ተሸጉጣ ብትከርም ስትስባት ትጮሃለች። አንተ ደግሞ መሣሪያ የምትወለውል ሰው አይደለህም።»

እውነቱን ነው። ቱርክ የተማርኩት ስለ አፈር ነው። ስለ ሽጉጥ የማውቀው በስልኬ ያየሁትን ብቻ ነበር፤ አጭር አፈሙዝ ለመደበቅ፣ ረጅም አፈሙዝ ለማነጣጠር፤ ቀላሏ ስትተኮስ እጅ ታሳምማለች፣ ከባዷ ደግሞ ስትያዝ ወገብ ታሳምማለች። ሦስቱንም እየተቀያየርኩ ከጃኬቴ ሥር ሸጎጥኩ። ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ጎንበስ አልኩ። መጨረሻ ላይ መካከለኛዋን ያዝኩ። ስድስት ትጎርሳለች፤ አፈሙዟ ከትንሿ ይረዝማል፣ ከትልቋ ያጥራል።

«ሁለቱንም ትሆናለች፤ ግን በግማሽ በግማሽ» አለ ካሣሁን። «ወስደህ ሞክራት። የፈቃዱን ወረቀት ለኔ ተወው። ለሰው ይሁን ለአውሬ ያን ጊዜ ትነግረኛለህ።»

ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ለሰው ነበር። ሰውየውም ጥላዬ ይባላል።

እኔ ገና ጡት ሳልተው አባቴ በድንበር ጠብ የጥላዬን ታላቅ ወንድም ገደለ። ታሰረ፤ ሲፈታ ባሕር ዳር ገባና አገሩን ዳግም ሳያይ አምና እዚያው ሞተ። እኔን አክስቴ ወስዳ አሳደገችኝ። እናቴ ሐረገ ወይን ግን ከወገዳ በታች ካለው መንደራችን ንቅንቅ አላለችም፤ መሬቱን ብቻዋን በእኩል እያሳረሰች ኖረች። አባቴ ሲሞት እሷን ልረዳ ከቱርክ ተመለስኩ። መመለሴ ልክ ይሁን ስሕተት አላውቅም ነበር። ጠዋት ጠዋት እቆያለሁ እላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የአውሮፕላን ትኬት በስልኬ እፈልጋለሁ።

ወሬውን ያመጣልኝ ካሣሁን ራሱ ነው። «ጥላዬ በአባትህ ተዝካር ሰሞን ምን እንዳለ ሰምተሃል? ‹ልጁ መምጣቱ አይቀርም፤ እጠብቀዋለሁ› ብሏል አሉ።»

በኛ አገር ይህ ቃል ትርጉም አያስፈልገውም። ሰው ሲገደል «ጠብቆ ገደለው» ነው የሚባለው። ከዚያ ቀን ወዲህ አጥር ባየሁ ቁጥር ከኋላው ሰው የቆመ ይመስለኝ ነበር። ጥላዬን በገበያ መንገድ ሁለቴ አይቼዋለሁ፤ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ምንሽር ጠመንጃውን እንደ ሞፈር ትከሻው ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰው ነው። ሁለቱንም ጊዜ ቆሞ አየኝ። ሁለቱንም ጊዜ መንገዴን ቀየርኩ።

ሽጉጧን ይዤ በተመለስኩ በሳምንቱ በዓለ ሚካኤል ሆነ። በበዓል በሬ አይጠመድም፤ ከርከሮ ግን ይባረራል። ማሽላችንን እያገላበጠ የጨረሰው የከርከሮ መንጋ ከገደሉ ሥር ስለሚውል፣ መንደሩ ሁሉ ሊወጣበት ተቀጣጠረ። ሥጋውን የሚበላ የለም፤ ዓመቱን ሙሉ የደከሙበትን እህል ለማዳን ነው።

ስወጣ እናቴ ከደጃፍ አስቆመችኝ።

«በዚህ ፀሐይ ጃኬት?»

«ብርድ ለምጄ ነው እማ።»

«ብርድ የለመደ ሰው ጃኬት ያወልቃል እንጂ ይደርባል?» አለችና እጇን ወደ ጎኔ ሰደደች። ሸሸት አልኩ። አየችኝ። ነጠላዋን መስቀልያ አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

አደኑን የሚመሩት አያ ሞላ ናቸው። ሰዉን ለሁለት ከፈሉት፤ ነጂዎች ውሻ ይዘው ከገደሉ ሥር እየጮኹ ያባርራሉ፣ ጠባቂዎች ደግሞ አውሬው በሚወጣባቸው በሮች ላይ ያደባሉ። ለሁሉም ቦታ ቦታውን ሰጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ፊልጶስ፣ አንተ ከጥላዬ ጋር ትጠብቃለህ።»

የሰዉን ፊት አየሁ፤ ማንም አልደነገጠም። አያ ሞላ ብቻ ጢማቸውን እየዳበሱ ወደ ሌላ አዩ። ‹አልሄድም› ብል በአገሩ ሁሉ የፈሪ ልጅ ልባል ነው። ሄድኩ።

የደረሰን በር በሁለት ቋጥኞች መካከል ያለ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ጥላዬ ከፊት ሄደ፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ። እኔ እጄን ከጃኬቴ ሥር ሰድጄ የሽጉጧን እጀታ ጨብጫለሁ፤ ላቧ ይሁን ላቤ አላውቅም፣ ተንሸራተተችብኝ።

«ቱርኮች ከርከሮ ያድናሉ?» አለ ሳይዞር።

«ያድናሉ መሰለኝ።»

«ይበሉታል?»

«እነሱም አይበሉም።»

«እንግዲያ እንደኛው ናቸው» አለና ቋጥኙን ሽቅብ አየ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገ። ምንሽሩን ከትከሻው አወረደና ዘረጋልኝ። «ያዝልኝማ። ወጣ ብዬ የት እንደደረሱ ልይ።»

ጥይት የጎረሰ ጠመንጃውን እጄ ላይ ትቶልኝ እንደ ዝንጀሮ ቋጥኙን ወጣ። ከላይ ሆኖ ባዶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ። እኔ ከሥር፣ በአንድ እጄ የሱ ምንሽር፣ በጎኔ የኔ ሽጉጥ። ሊገድለኝ የሚጠብቅ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ወይስ እየፈተነኝ ነው? እያሰብኩ ሳለ ውሾቹ ጮኹ።

«መጣልህ!» አለ ጥላዬ ከላይ። «መጣልህ፣ ተኩስ!»

ከርከሮው ቁጥቋጦውን ሰብሮ ወጣ፤ ጥርሱ የማጭድ ያህል ነው። ምንሽሩን ልደግን ብዬ የማቀባበያውን ነገር ረሳሁ። ምንሽሩን ወደ ግራ እጄ አዛውሬ ሽጉጧን ሳብኳት። አልመጣችም። ከኋላዋ ያለችው መቺ ብረት የጃኬቴን ገበር ነክሳ ይዛለች። ደግሜ ሳብኳት፤ ገበሩ ተተረተረ እንጂ አልለቀቀችም።

«ተኩስ እንጂ ሰውዬ!»

እኔ ከጃኬቴ ጋር ስታገል ከርከሮው አጠገቤ ደረሰ፣ ቆም ብሎ አየኝ፣ ንቆኝ አለፈ። ከኋላው ግልገሎቹ ጭራቸውን አቁመው ተራ በተራ ተከተሉት።

ጥላዬ ቋጥኙ ላይ ቁጭ ብሎ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ወርዶ አጠገቤ ሲደርስ ግን ሳቁ ቆመ። ሽጉጧ በተተረተረው ገበር ተጠልፋ ጎኔ ላይ እንደ ቃጭል ተንጠልጥላለች።

አያት። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ለኔ ነው ለከርከሮው?» አለ ቀስ ብሎ።

ምንሽሩን አሁንም እኔ ነኝ የያዝኩት። መዋሸት እችል ነበር።

«ላንተ ነው አያ ጥላዬ። ‹እጠብቀዋለሁ› ብለሃል ሲሉኝ ፈርቼ ነው።»

«ብያለሁ» አለ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ታዲያ አልጠብቅህም? አባትህ ሲሞት ለቅሶውን አልደረስሁም። ደም ሳይደርቅ የገዳይ ለቅሶ አይደረስም። ካሳውን ሽማግሎች አስከፍለውልናል፤ መሐላው ግን ቀረ፣ አባትህ አልመጣማ። ከሱ ቤት ወንድ ቆሞ ካልማለ እርቁ አይጸናም። እስከ ዛሬ ልጆቼ በእናትህ ደጅ አያልፉም፤ ደጇ ያለውን ምንጭ ትተው ወንዝ ድረስ ወርደው ነው ውኃ የሚቀዱ። ‹ልጁ መምጣቱ አይቀርም፣ እጠብቀዋለሁ› አልሁ። ምን ልበል? ‹አልጠብቀውም› ልበል?»

እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«መንገድ ላይ ቆመህ ታየኝ ነበር» አልኩ በኋላ።

«ሰላም ልልህ። አንተ እንደ ጥንቸል እየተጠማዘዝህ ትገባለህ! እኔስ ብሆን የማልፈራህ መሰለህ? ከቱርክ መጣ ሲሉኝ ‹በቃ፣ ስንቱን ሽጉጥ ተሸክሞ መጣ› ብዬ ስንት ቀን በሬን ደርቤ ዘጋሁ።» እንደገና ሳቁ አመለጠው። «አሁን ሳያት ነው ልቤ ያረፈ። ስሟ ሽጉጥ ነው፣ ተሸጉጣ ቀረች!»

እኔም ሳቅሁ። ከስንት ወራት በኋላ ከሆዴ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጥላዬ በቢላው ገበሩን ቆርጦ ሽጉጧን አላቀቀልኝ፣ ከበሮዋን ከፍቶ ጥይቶቹን አራገፈና መልሶ ሰጠኝ። ምንሽሩን ተቀብሎ ትከሻው ላይ ጣለ። አያ ሞላ ከነጂዎቹ ጋር ሲደርሱ ስለ ከርከሮው አልጠየቁንም። ጎን ለጎን ተቀምጠን አዩን፤ «ተመስገን» አሉ፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ማታ ለእናቴ ስነግራት መሶቡን ልታነሳ እንደያዘች ቆመች። «ከነገ ጀምሮ ልጆቹ ከምንጩ ይቅዱ በላቸው» አለች። «መሐላው እስኪፈጸም አልጠብቅም።» መሐላው ግን በማግስቱ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ፊት ተፈጸመ። እኔና ጥላዬ መስቀል ተሳልመን ተቃቀፍን። ጃኬት አልለበስኩም ነበር።

ማክሰኞ ሽጉጧን በፎጣ ጠቅልዬ መካነ ኢየሱስ ወረድኩ። ካሣሁን አልነበረም፤ ሚስቱ መስከረም አደራውን ተቀብላ ከሚስማሩ ሳጥን በታች አኖረችው። በአውቶቡስ ስመለስ መስኮቱን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ሰው በየአጥሩ ሥር ቆሟል፤ አንዱ ፍየሉን ይጎትታል፣ አንዱ ከጎረቤቱ ጋር ያወጋል። ማንም እኔን አይጠብቅም።

ስልኬን አውጥቼ ለካሣሁን ጻፍኩለት፦

«ሽጉጧን ለመስከረም ሰጥቻታለሁ። ለሰውም ለአውሬም አልሆነችኝም። ቆይ ግን፣ ወሬውን ለኔ ከማምጣትህ በፊት ጥላዬን ‹ለምንድን ነው የምትጠብቀው› ብለህ ጠይቀኸው ነበር?»

መልእክቱን እንዳየው ስልኬ ያሳያል። መልስ ግን እስከ ዛሬ አልላከም።