የጸሎት ስልክና የመሃሉ ቤት

ግራጫዋ መኪና የሸለቆውን መታጠፊያ ስትዞር ቬስታ በመስኮት አዩዋት። እጃቸው ወዲያው ወደ ስልኩ ሄደ።

በቴልፎርድ ወረዳ፣ በኬንታኪ ተራሮች ውስጥ፣ ሰው ሲታመም የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች በስልክ ይቀባበላሉ፤ አንዷ ለሌላዋ ስትደውል በሩብ ሰዓት ውስጥ ሸለቆው በሙሉ ይጸልያል። የመጀመሪያውን ስልክ የሚደውሉት ቬስታ ናቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ ግን በዚሁ መስመር ሌላም መልእክት ሲያስተላልፉ ኖረዋል፦ «የመንግሥት ሴትዮ መጣች፣ በር ዝጉ።»

ሴትዮዋ የምትጠይቀው ደግሞ እቤት ስንት ሰው እንዳለና እያንዳንዱ ስንት እንደሚያገኝ ነው። ይህን ለበጎ የሚጠይቅ ማን አለ? የቬስታ አባት ጥሩ ኮት ለለበሰ ሰው አንዲት ወረቀት ፈርመው፣ ከገዛ ማሳቸው ስር ያለውን ከሰል አስወስደዋል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ውሃ እንኳ ጠጥቶ አያውቅም።

ዛሬ ግን እጃቸው ስልኩ ላይ ቀረ። ከጓዳ የልጅ ልጃቸው ሬና ትስላለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ አስሟ ከተነሳ ከክሊኒኩ መድኃኒት በቀር የሚያስታግሰው የለም። ባለፈው አርብ ይዘዋት ሲሄዱ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኙ። በረዶ ሳይጥል ክሊኒኩ ሊዘጋ ነው።

«ምን አጠፋን?» ብለው ነርሷን ኦፓልን ጠየቋት።

«ሀብታም ሆናችኋል ተባልን።»

«ማን? ማዕድን ማውጫው ከተዘጋ ወዲህ ሸለቆው ውስጥ አዲስ ጫማ የገዛ ሰው አላየሁም!»

«የወረዳውን ቤቶች ከድሃው እስከ ሀብታሙ ቢያሰልፏቸው፣ ልክ መሃል ላይ የሚቆመው ቤት ገቢው ስንት ነው ብለው ይገምታሉ። የመሃሉ ቤት ገቢ ከፍ ካለ ክሊኒኩ የሚያገኘው የመንግሥት ድጎማ ይቀራል። ከፍ አለ።»

«ከየት አምጥቶ?»

«ሁሉንም ቤት አይጠይቁማ። በዕጣ ጥቂት ያወጣሉ፤ የአምስት ዓመቱን መልስ ደርበው ያሰላሉ። ያልመለሰውን ከመለሰው ተነስተው ይገምቱታል። ሐይቁ ዳር ቪላ የሠሩት ጡረተኞች አንድ ሳይቀሩ ይመልሳሉ። የኛ ሰው ደግሞ...» ኦፓል ቀና ብላ አየቻቸው። «እማማ ቬስታ፣ እናቴ በጸሎቱ ስልክ ሰባተኛ ናት። የሚባለውን እሰማለሁ።»

ቬስታ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም። ኦፓልንም ጠርጥረዋታል፤ ማን ያውቃል፣ እሷም ደሞዟ ከመንግሥት ነው። የሬና ሳል ግን አይዋሽም።

ስልኩን ትተው፣ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወጥተው መኪናዋን አስቆሙ።

«መታወቂያሽን አሳዪኝ።» በአንድ ዓይናቸው ካርዱን፣ በሌላው ሴትዮዋን አዩ። «ፎቶው አንቺን አይመስልም።»

«ከስቼ ነው እማማ። እናንተ ሸለቆ በር የሚከፍትልኝ እየጠፋ።»

«እንግዲያው ግቢና ጠይቂኝ።»

ሴትዮዋ ደነገጠች። «አይቻልም። ዕጣው ያልወጣለት ቤት በፈቃዱ ጥናቱ ውስጥ አይገባም።»

«በሬን ስድስት ዓመት ዘግቼ ዛሬ ስከፍት አልገባም አልሽኝ?»

«እማማ፣ ዕጣውን የማወጣው እኔ አይደለሁም።»

«የማን ወጣ ታዲያ?»

«መናገር አልችልም።»

መኪናዋ ወደ ላይኛው ጠጠር መንገድ ታጠፈች። እዚያ ያለው የጎረቤታቸው የሃስከል ቤት ብቻ ነው። ቬስታ እያለከለኩ ተመልሰው ደወሉ።

«ሃስከል፣ የመንግሥት ሴትዮ እየመጣች ነው።»

«ውሻውን ፈትቻለሁ!»

«እሰረው። በርም ክፈትላት።»

«ቬስታ፣ ታመሻል? ለማን ልደውልልሽ?»

«ደህና ነኝ። ለሬና ብለህ።»

«ተናግሬ ጡረታዬን ቢቀንሱብኝስ? አንቺ ነሽ ያስፈራራሽኝ፣ አንቺው ነሽ ክፈት የምትይኝ! የትኛውን አፍሽን ልመን?»

ይቀንሱባቸው አይቀንሱባቸው ቬስታ አያውቁም። «አይቀንሱብህም ብልህ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እርግጠኛ አይደለሁም» አሉ፤ መዋሸት አቃታቸው። «ስልኩን አትዝጋው። ክፉ ነገር ከተናገረች እሰማለሁ።»

ሰንሰለት ሲንኳኳ፣ ውሻ ሲያጉረመርም፣ ወንበር ሲሳብ ተሰማ።

«እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?»

«አንድ። ስልኩ ላይ ያለችውን ካልቆጠርሽ።»

ጥያቄው ቀጠለ፤ ስለ ጣሪያ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ማሞቂያ። በመጨረሻ ዓመቱን ሙሉ ስንት እንደሚያገኙ ተጠየቁ። ሃስከል በትንሽ ድምፅ ቁጥሩን ተናገሩ።

ቬስታ አርባ ዓመት ጎረቤት ሆነው ይህን አያውቁም ነበር። ገና ለገና ይሰልሉናል ብለው የሰውን ገመና ያዳመጡት እሳቸው ሆኑ። ስልኩን ቀስ ብለው ዘጉት።

አምስት ዓመት ተደርቦ ነው፣ ብላ ነበር ኦፓል። የዛሬው መልስ ሙሉ ክብደት እስኪያገኝ ሬና አሥራ አራት ይሞላታል። በረዶው ደግሞ ሁለት ወር ቀርቶታል።

ስልኩን መልሰው አነሱና በጸሎቱ መስመር ለሁለተኛዋ ደወሉ፦ «የመንግሥት ሴትዮ መጣች፣ በር ክፈቱ።»